ኪኒኑ ደረሰ፣ ወረቀቱ ቀረ

ጭሮን፣ የድሮዋን አሰበ ተፈሪን፣ ለቀን ቁልቁል ስንወርድ አብሮን የነበረው ቀዝቃዛ ነፋስ ሚኤሶ ስንደርስ ድራሹ ጠፋ። የመኪናችን ጎማም እዚያው ተነፈሰ። ሹፌሩና ረዳቱ ከክሪኩ ጋር ሲታገሉ እኔ ለራስ ምታቴ የሚሆን ነገር ፍለጋ አንዲት ጠባብ መድኃኒት ቤት ገባሁ። ከፊቴ አንዲት ወጣት ሴት ቆማለች። ሻሿን ወደ አፏ ሰብሰብ አድርጋ በሹክሹክታ፣ “ዶክተር፣ ያቺን የምታቆመዋን ስጠኝ” አለችው። ሰውየው “የቱን?” እንኳ አላላትም። ከመሳቢያው አንድ እሽግ አወጣና በመቀስ ዘጠኝ ፍሬ ቆርጦ፣ “በቀን ሦስት ጊዜ ነው፣ እህቴ” ብሎ ሰጣት። ከፍላ ወጣች። ነገሩ ሁሉ አንድ ደቂቃ አልፈጀም።

እኔ ወንድ ነኝና አፍሬ ፊቴን ወደ ጥርስ ሳሙናው መደርደሪያ አዙሬ ነበር። እሷ ከወጣች በኋላ ግን አላስችል አለኝና ምን እንደሸጠላት ጠየቅሁት።

“የሴቶች ነው። ደም ያቆማል። አንዳንዷ ሲበዛባት ትወስደዋለች፣ አንዳንዷ ጾም ሲደርስ።”

“ካርቶኑ ውስጥ ያለችው ወረቀትስ? ለምን አልሰጠሃትም?”

ሳቀብኝ። “ወረቀቷ አንድ ናት፣ ገዢው ብዙ ነው። ለማን ልስጣት?”

እውነቱን ነው። ያቺ እንደ ሽንሽን የተጣጠፈች፣ ፊደሏ የጤፍ ፍሬ የምታክል ወረቀት ከመሳቢያው አትወጣም። ብትወጣም የተጻፈችበት ቋንቋ ሌላ ነው። ነገሩ ሚኤሶ ላይ ገጠመኝ እንጂ አዲስ አበባም ከቤቴ አጠገብ ያው ነው። እንግዲህ ዛሬ የማወጋችሁ ስለዚህች ኪኒንና ስለ ወረቀቷ ነው። ሁለቱም የየራሳቸው ታሪክ አላቸው። ኪኒኗ እኛ ዘንድ ስትደርስ ወረቀቷ ግን መንገድ ላይ ቀርታለች።

መቼም “ኪኒን” የሚለው ቃል ራሱ መጤ ነው። የወባ መድኃኒት ከሆነው ከኪኒን ተነስቶ የማናቸውም እንክብል መጠሪያ ሆነ። ለሚኤሶ ይህ ባዕድ ነገር አይደለም። ቆላ ነው፣ የወባ አገር ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። አፍደም፣ ሙሉ፣ ሚኤሶ፣ አሰቦት እያለ የተዘረጋው መስመር ጨርቁንም፣ ስኳሩንም፣ ኪኒኑንም ሲያመላልስ ኖረ። ባቡር ዕቃ ያወርዳል። የዕቃውን አጠቃቀም ማስረዳት ግን የባቡር ሥራ አይደለም።

ሴትየዋ የገዛችው መድኃኒት ስሙ ኖርኤቲስትሮን ይባላል። ብዙዎቻችን የምናውቀው “ፕሪሞሉት” በሚለው የንግድ ስሙ ነው። የተወለደው ሜክሲኮ ከተማ ውስጥ ነው። ራስል ማርከር የሚባል አሜሪካዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጀመሪያ ከሜክሲኮ ጫካ ከሚቆፈር ሥር ፕሮጄስትሮን የተባለውን የሴት ሆርሞን መሥራት እንደሚቻል አሳየ። ሥሩ በደቡብ ኢትዮጵያ ቦዬ ከምንለው ተክል ጋር አንድ ወገን ነው። ያ ሆርሞን እስከዚያ ድረስ ከእንስሳት አካል በጥቂት በጥቂቱ የሚገኝና ከወርቅ የተወደደ ነበር። ችግሩ፣ በአፍ ሲወሰድ ሰውነት ወዲያው ስለሚያከሽፈው እምብዛም አይሠራም። በጥቅምት 15 ቀን 1951 እ.ኤ.አ. ሉዊስ ሚራሞንቴስ የሚባል የ26 ዓመት ሜክሲኳዊ ተማሪ፣ በካርል ጄራሲና በጆርጅ ሮዘንክራንዝ መሪነት ሲንቴክስ በተባለው ኩባንያ ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ በአፍ ሲወሰድ የማይከሽፈውን ሰው ሠራሽ ወንድሙን ሠራ። ኖርኤቲስትሮን ማለት ይኸው ነው።

ያኔ የታሰበው ለወር አበባ ችግር ነበር። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ1957 ይህንና ኤኖቪድ የተባለውን ተመሳሳዩን ሲፈቅድ ያሰፈረው ምክንያት “የወር አበባ መዛባት” የሚል ነው። የኤኖቪድ ማስታወቂያ ግን አንድ ማሳሰቢያ ነበረው፤ መድኃኒቱን የምትወስድ ሴት እንቁላል አታወጣም ይላል። የሚገባው ገባው። በ1959 ግማሽ ሚሊዮን ያህል አሜሪካውያት ኪኒኑን እየወሰዱ እንደነበር ይገመታል። ድንገት የዚያን ያህል ሴት የወር አበባ ተዛብቶባት አልነበረም። የእርግዝና መከላከያ ነውር በሆነበት አገር “ወር አበባዬ ተዛባ” ማለት መግቢያ በር ሆኖ ነው። ኤኖቪድ ለእርግዝና መከላከያነት በይፋ የተፈቀደው በ1960 ነው።

የእኛን አገር ታሪክ ከዚህ ጎን ስናስቀምጠው ይገርማል። በዚያው በ1957፣ በእኛ አቆጣጠር በ1949 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ አዲስ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አወጣች። ሕጉ የእርግዝና መከላከያን በአደባባይ ማስተዋወቅን ይከለክል ነበር። ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1966 የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበር ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1993 የሕዝብ ፖሊሲ ወጣ። ከ2003 ጀምሮ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ተሰማሩ። በ2000 ካገቡ ሴቶች መካከል ዘመናዊም ሆነ ባህላዊ መከላከያ የሚጠቀሙት 8 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2019 ቁጥሩ 41 በመቶ ደረሰ። ከሁሉም የበለጠ የተወደደው የሦስት ወሩ መርፌ፣ ዲፖ የምንለው ነው።

ይህ ትልቅ ሥራ ነው፣ ማንም አይክደውም። ነገር ግን ሆርሞን ወደ አሜሪካ በወር አበባ ሕመም በር ገብቶ በጓሮ ወደ እርግዝና መከላከያ ሲሄድ፣ ወደ እኛ የመጣው በተቃራኒው ነው። እኛ ዘንድ በፊት ለፊት በር የገባው ለቤተሰብ ምጣኔ ነው። ለመርፌው ሠራተኛ አለችው፣ ካርድ አለው፣ ቀጠሮ አለው። ልጅ ላለመውለድ ሳይሆን ደሟ አልቆም ብሎ፣ ወይም ሦስት ወር ጠፍቶባት፣ ወይም በየ15 ቀኑ እየመጣ ያስቸገራት ሴትስ? እሷ የምትሄደው ወደ ጓሮው በር ነው። ያ ጓሮ ደግሞ መቀስ የያዘ ሰው የቆመበት የመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ነው።

ወደ ወረቀቷ ልመለስ። ኪኒኑ በተፈቀደ በጥቂት ዓመት ውስጥ በሚወስዱት ሴቶች ላይ የደም መርጋት እንደሚከሰት ሪፖርቶች መውጣት ጀመሩ። ሐኪሞች ይህንን ያውቁ ነበር፣ ሴቶቹ ግን አልተነገራቸውም። ባርባራ ሲማን የምትባል ጋዜጠኛ እ.ኤ.አ. በ1969 ይህንኑ የሚያጋልጥ መጽሐፍ አሳተመች። በጥር 1970 የአሜሪካ ምክር ቤት ሴናተር ጌይሎርድ ኔልሰን ጉዳዩን ለመመርመር ስብሰባ ሲጠራ፣ ኪኒኑን ስትወስድ የኖረች አንዲት ሴት እንኳ ምስክርነት እንድትሰጥ አልተጋበዘችም። አዳራሹ ውስጥ የተቀመጡ ወጣት ሴቶች ብድግ እያሉ “ለምን አልተነገረንም?” ብለው ስብሰባውን አወኩት። በዚያው ዓመት ለወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒን ወረቀት እንዲገባበት ተወሰነ። ለሐኪሙ ሳይሆን ለወሳጇ ለራሷ የተጻፈ ወረቀት ነው። በሌሎች አገሮችም ልማዱ እየተስፋፋ ሄደ።

እንግዲህ ያቺ ሚኤሶ መሳቢያ ውስጥ የቀረችው ወረቀት ዝም ብላ ከፋብሪካ የወጣች ማሸጊያ አይደለችም። ሴቶች ጮኸው ያገኟት መብት ናት።

ለመሆኑ ወረቀቷ ምን ትላለች? ለዚህ መጀመሪያ ኪኒኑ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ጭቃ ቤት ያስለሰነ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በየወሩ ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን የማህፀንን የውስጥ ግድግዳ በጭቃ እንደ መምረግ ያወፍረዋል። እንቁላል ሲወጣ የሚመጣው ፕሮጄስትሮን ደግሞ እንደ ጭድ ነው፣ ጭቃውን አያይዞ ያቆመዋል። እርግዝና ከሌለ ሁለቱም ይቀንሱና ምርጉ ባንድ ጊዜ ይፈርሳል። የወር አበባ ማለት ይህ ነው። እንቁላል ሳይወጣ ሲቀር ጭቃው አለ፣ ጭዱ የለም። እዚህም እዚያም እየተላጠ ይወድቃል። ደሙ ቀኑን አይጠብቅም፣ ሲመጣም አያባራም። ይህ በተለይ የወር አበባ ባየች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያለችን ልጃገረድና ሊቋረጥ የተቃረበባትን ሴት ያስቸግራል። ኖርኤቲስትሮን የጎደለውን ጭድ ይተካል። ብዙ ጊዜ በሦስት ቀን ውስጥ ደሙ ይቆማል። ሐኪሞች በተለምዶ የሚያዙት 5 ሚሊ ግራም በቀን ሦስት ጊዜ ለ10 ቀን ነው።

አንደኛው ወጥመድ እዚህ ጋ አለ። መድኃኒቱ ባለቀ ከሁለት እስከ አራት ቀን ውስጥ ደም ይመጣል። መምጣትም አለበት፤ ተያይዞ የቆመው ምርግ ባንድ ጊዜ መፍረሱ ነው። ይህ ያልተነገራት ሴት ግን “መድኃኒቱ ከሸፈ” ብላ ተመልሳ ትገዛለች። ዘጠኝ ፍሬ የተቆረጠላት ሴት ደግሞ በሦስት ቀን ጨርሳው ደሙ ሲመጣባት ደንግጣ ዘጠኝ ትጨምራለች። እንዲህ እያለ ወራት ይሄዳሉ።

ሁለተኛውና የከፋው ወጥመድ፣ ኪኒኑ ደሙን ማቆሙ እንጂ ደሙ ለምን እንደመጣ አለመናገሩ ነው። ደም የሚያፈስ እርግዝና አለ፤ የሚጨናገፍ ወይም ከማህፀን ውጪ የተቀመጠ። ማዮማ አለ። ካንሰርም አለ። የማህፀን በር ካንሰር በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታየው ነው።

ይህን የምጽፈው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። አሰበ ተፈሪ ያደገች አንዲት አክስት ነበረችኝ። ከግንኙነት በኋላ ደም ታይ ነበር፣ ይህንን ግን ለማን ትናገር? ለባለ መድኃኒት ቤቱ “ወር አበባዬ ተዛባ” ትለዋለች፣ እሱም ይቆርጥላታል። ደሙ ይቀንሳል፣ ደስ ይላታል፣ ይመለሳል፣ ትገዛለች። ሁለት ዓመት። በመጨረሻ ሐኪም ፊት ስትቀርብ “እስካሁን የት ነበርሽ?” ተባለች። የት እንደነበረች አሁን አውቃለሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላል የአገራችን ሰው። እሷ ግን በሽታዋን የደበቀላት መድኃኒቱ ራሱ ነበር።

ስለዚህ ከኪኒኑ በፊት መጠየቅ ያለባቸው ጥያቄዎች አሉ። የወረቀቷም ዋና ጉዳይ እነሱ ናቸው። መጀመሪያ፣ እርጉዝ ትሆኚ ይሆን? የሽንት ምርመራው ደቂቃዎች ነው የሚወስደው። ሁለተኛ፣ እግርሽ ወይም ሳንባሽ ውስጥ ደም ረግቶ ያውቃል? የጉበት ሕመም ወይም የጡት ካንሰርስ? ኖርኤቲስትሮን በዚህ መጠን ሲወሰድ ከፊሉ ሰውነት ውስጥ ወደ ኤስትሮጅን ይለወጣል። በቀን ከ10 እስከ 20 ሚሊ ግራም የምትወስድ ሴት ያለ እውቀቷ የተለመደውን ጥምር የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒን ያህል ኤስትሮጅን ልታገኝ ትችላለች። የደም መርጋቱ ስጋት ከዚያ ይመጣል። ሦስተኛ፣ ሌላ ምን መድኃኒት ትወስጃለሽ? የሳንባ ነቀርሳው ሪፋምፒሲንና የሚጥል በሽታው ፌኖባርቢታል ሆርሞኑን ቶሎ ያጠፉታል። አራተኛ፣ ዕድሜሽ ስንት ነው? ደሙ ከግንኙነት በኋላ ወይም ወር አበባ ጨርሶ ከተቋረጠ በኋላ የሚመጣ ከሆነ፣ ሳይመረመሩ ኪኒን መዋጥ ጊዜ ማባከን ነው። በየሰዓቱ ሞዴስ የሚያርስ ደም፣ ራስን መሳት፣ ወይም በአንድ ወገን የሚወጋ ከባድ የሆድ ሕመም ካለማ ጉዳዩ የድንገተኛ ክፍል ነው።

ስለ ጾሙም ላንሳ። በረመዳን ቀን እንዳይጎድልባት፣ ወይም ሐጅ ሄዳ ጠዋፍ እንዳያመልጣት ኪኒኑን የምትወስድ ሴት አለች። ለዚህ የሚሰጠው የሚጠበቀው ቀን ሦስት ቀን ሲቀረው ተጀምሮ ነው፤ ካቆመች ከሁለት ከሦስት ቀን በኋላ ይመጣል። ጤነኛ ለሆነችና ከላይ ያሉትን ጥያቄዎች ላለፈች ሴት ለአጭር ጊዜ መውሰዱ ብዙም አያሰጋም። ነገር ግን ሃይማኖቱ ራሱ በወር አበባ ላይ ያለችን ሴት ከጾም ነፃ አድርጎ ቀኑን በኋላ እንድታወጣ ፈቅዶላታል። አንድ ነገር ደግሞ አይረሳ፦ ደም ስለቆመ እርግዝና ተከለከለ ማለት አይደለም። በዚህ አወሳሰድ ኪኒኑ መከላከያ ሆኖ አይቆጠርም።

በዲፖው በኩልም ያልተነገረ ነገር አለ። መርፌው መጀመሪያ ላይ ደም ያንጠባጥባል፣ ሲቆይ ብዙ ጊዜ ጨርሶ ያጠፋዋል። ብዙ ሴቶች “ደሙ የት ሄደ? ሆዴ ውስጥ ተጠራቀመ” ብለው ይሰጋሉ፣ አንዳንዷም በዚህ ምክንያት ትተወዋለች። የተጠራቀመ ነገር የለም። ያልተመረገ ግድግዳ አይፈርስም። ይህቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር አስቀድሞ መንገር ስንት ጭንቀት ያድናል!

አንዳንድ ሰው “ይህ ነውር ነው፣ በአደባባይ አይወራም” ይለኝ ይሆናል። አባቶቻችን ግን ከእኛ ይልቅ ደፋሮች ነበሩ። ወንጌሉ 12 ዓመት ደም ሲፈሳት የኖረችውንና ያላትን ሁሉ ለባለ መድኃኒቶች ከፍላ ያልዳነችውን ሴት ሳያፍር ይተርካል። በእስልምና በኩልም ደሟ አልቆም ያላት ሴት ነቢዩን በግልጽ ስትጠይቅ፣ ይህ ከደም ሥር የሚመጣ እንጂ ሐይድ አይደለም መባሏ በሐዲስ ተመዝግቧል። ለዚያኛው ደም “ኢስቲሃዳ” የሚል የተለየ ስም አለው። የወር አበባንና የሕመም ደምን ለይቶ መጥራት እንግዲህ ለሚኤሶም ለአሰቦት ገዳምም አዲስ አይደለም። እኛ ነን ሁለቱን “ያቺ ነገር” ብለን ባንድ ሻሽ የጠቀለልናቸው።

ባለ መድኃኒት ቤቱን ብቻ መውቀስም ደግ አይደለም። ከ1991 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 176 እስከ 2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1112 ድረስ የመድኃኒት ሕግ አውጥተናል፤ በማዘዣ የሚሸጠው ያለ ማዘዣ አይሸጥም። ሕጉ ሚኤሶ ሲደርስ ግን ከአንዲት ግመል ወተት ሸጣ ከምታድር ሴት ጋር ይገናኛል። ለእሷ ዘጠኝ ፍሬ መግዛት እንጂ ጭሮ ድረስ ወጥቶ ሐኪም ፊት መሰለፍ አይቀላትም። ሕጉ እንዳለ ሆኖ፣ ቢያንስ ጥያቄዎቹ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛና በአማርኛ በአንዲት ጣት በምታክል ወረቀት ታትመው ከተቆረጠው ኪኒን ጋር ቢሰጡ ምን ይከብዳል? ማንበብ ለማትችለው ደግሞ ያነብብላታል። መቀሱም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጊዜው የሚያልፍበት ቀን የሚታተመው በእሽጉ አንድ ጫፍ ላይ ነው። ጫፉ ተቆርጦ ከቀረ በዚያ ሙቀት ውስጥ ኪኒኑ ስንት ዓመት እንደተቀመጠ ማን ያውቃል?

ዛሬ ሚኤሶን አዲሱ ባቡር ያልፍባታል። ከሰበታ የመጣው ሥራና ከደወሌ የመጣው ሥራ የተገናኙት እሷ ዘንድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በኤሌክትሪክ የሚነዳው ባቡር አገልግሎት ይሰጣል። ዕቃው ከበፊቱ ፈጥኖ ይደርሳል። እውቀቱን ግን ሰው ለሰው ካልተቀባበለው የሚያደርሰው ባቡር የለም።

ሹፌሩ ጥሩምባውን ሲነፋ ከመውጣቴ በፊት ሰውየውን ወረቀቷን እንዲያሳየኝ ለመንኩት። ሰጠኝ። በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ የተጻፈች ናት። ቁጭ ብዬ የእንግሊዝኛውን “ይህን መድኃኒት አይውሰዱ” የሚለውን ክፍል ወደ አማርኛ መለስኩለት። እሱም ባንኮኒው ላይ ባገኘው የሲጋራ ካርቶን ጀርባ ጻፈው። ሲጨርስ ቀና ብሎ፣ “እርግዝናውን እንኳ ጠይቄያት አላውቅም” አለኝ።

“ነገ ትጠይቃለህ” አልኩት።

ካርቶኑን ከመስተዋቱ ጀርባ፣ ለእሱ በሚታየው በኩል ለጠፈው። ጎማችንም ተቀይሮ ነበርና ወደ አዋሽ ጉዟችንን ቀጠልን። ራስ ምታቴን ያስታወስኩት መንገድ ላይ ነው፤ ኪኒኔን ሳልገዛ ወጥቻለሁ።